መንገደኛው የባረከው ዶሮ

ሽታው የመጣው ከአጥር ማዶ ነው። የገና ዕለት ከቀትር በኋላ፣ እኛ በምንኖርባት የአውስትራሊያ ከተማ በፐርዝ ሙቀቱ ሰው ከቤት አላስወጣ ብሎ፣ መጋረጃ ጋርደን፣ ማራገቢያ ከፍተን፣ ልጆቼ ጓሮ በጎማ ገንዳ ውስጥ ሲንቦጫረቁ፣ ባሌ ከሌሊት ሥራ ገብቶ ሶፋው ላይ እንዳለ እንቅልፍ ጥሎት፣ እኔም እግሬን ወንበር ላይ ሰቅዬ ስልኬን እያየሁ ተቀምጬ ነበር። ጎረቤታችን የሆኑት ጣሊያናዊ ሽማግሌ ጓሯቸው ውስጥ ዶሮ ያረባሉ። ያን ዕለት አንዷን አርደው የፈላ ውሃ ሲያፈሱባት ሽታው በአጥሩ ላይ ተሻግሮ መጣ። የፈላ ውሃ የነካው የዶሮ ላባ ሽታ ደስ የሚል ነገር የለውም፤ እርጥብ ውሻና አመድ ይሸታል። እኔን ግን ከተቀመጥኩበት አንሥቶ ወሎ፣ ያደግኩባት ከተማ መርሳ ወስዶ፣ የእናቴ ጓዳ በር ላይ አቆመኝ።

እዚህ አገር ገና የሚውለው የሙቀቱ አናት ላይ ነው። ልጆቼ የፈረንጆቹን ገና ከጓደኞቻቸው ጋር አክብረው ስለሚጨርሱ፣ የእኛው ሲደርስ አርፍዶ የሚተኛበት ተጨማሪ ቀን ይመስላቸዋል። እኔም በአረጋውያን መጦሪያ ሰው ሳነሣና ሳስተኛ የምከርም ሰው ነኝና ከዚህ የተለየ በዓል ለማክበር አቅሙ የለኝም። ዶሮውን በዋዜማው ከሱፐርማርኬት በላስቲክ እንደተጠቀለለ ገዝቼው ነበር፤ ታፋ ብቻ ነው፣ ክንፍ የለው፣ ፈረሰኛ የለው፣ የት እንዳደገና ማን እንዳረደው የሚያውቅ የለ። ስልኬን የማየው ደግሞ ለጨዋታ አልነበረም። ከክረምቱ ጀምሮ የሰሜኑ ጦርነት ወደ አገራችን ወርዶ፣ ወልድያንም መርሳንም አልፎ፣ መብራቱም ስልኩም ጠፍቶ፣ የእናቴን ድምፅ ከሰማሁ ወራት አልፈው ነበር። ሰሞኑን ጦሩ ከተማዋን ለቆ ወጥቷል፣ ለአንዳንድ ሰው መስመሩ እየገባ ነው ስለተባለ በየሰዓቱ እደውላለሁ፤ አይነሣም። ደክሞኝ ነበር። ተስፋ ማድረግም እንደ ጉልበት ሥራ ያደክማል።

እናትና አባቴ ከወልድያ በላይ ካለው የጉባ ላፍቶ ደጋ ተነሥተው ነው መርሳ የወረዱት። አባቴ ይመር ግንበኛ ነበር፤ መርሳ የአውቶቡስና የገበያ ከተማ ስለሆነች ሱቅ የሚያሠራም ሻይ ቤት የሚያስገነባም አይጠፋምና፣ ሥራውን ተከትሎ መጥቶ እዚያው ቀረ። ለእናቴ ግን የግማሽ ቀን መንገድ የማይሞላው ያ ርቀት ስደት ሆኖባት ኖረ። ሙቀቱን አትወደውም፣ ትንኙን አትወደውም፣ ፓፓያውንም «ሳሙና ሳሙና ይለኛል» ብላ አታስጠጋውም ነበር። ከሁሉ የሚያናድዳት ደግሞ ገናው ነበር። ደጋ ላይ ገና ማለት ውርጭ ነው፣ ጋቢ ደርቦ እሳት ዳር መቀመጥ ነው፤ መርሳ ግን በታኅሣሥም ቀትር ላይ ፀሐይዋ ትጋረፋለች። «በላብ የሚከበር ገና» እያለች ግንባሯን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ አባቴ ይስቅባት፣ «ታዲያ ጌታ የተወለደው ለደገኛ ብቻ ነው እንዴ የሺ?» እያለ ያበሽቃት ነበር።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ የደርግ ዘመን እየተገባደደ፣ የዚያን ጊዜው የሰሜን ጦርነት ወደ እኛ እየተጠጋ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ወታደር የጫኑ መኪኖች በአስፋልቱ ወደ ሰሜን ሲያልፉ የቤታችን ግድግዳ ይንቀጠቀጥ ነበር። የአባቴ ታናሽ ወንድም ዘምቶ ወሬው ጠፍቶ ነበርና፣ ቀበሌው ከየሰፈሩ ለሚሊሻ ሰው መመልመል ጀምሮ የአባቴም ስም መነሣቱ ሲሰማ እናቴ መላ ፈጠረች። አንድ ማለዳ አባቴ ሻንጣውን ይዞ፣ እናቴ እያለቀሰች፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ በላይ ከኋላ ተከትለን፣ ሰፈሩ ሁሉ እያየን አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘነው። ወደ አሰብ ወደብ ለሥራ መሄዱ ነው ተባለ፤ ያኔ የወሎ ሰው ኑሮ ሲጠብበት አሰብ ይወርድ ስለነበር ማንም አልገረመውም። አባቴ ግን ቅርብ ባለችው ከተማ በውርጌሳ ከአውቶቡስ ወርዶ፣ ማሽላ ውስጥ ተኝቶ ውሎ፣ ሲጨልም በእግሩ ተመልሶ መጣና ጓዳችን ውስጥ ካሉት ሁለት ትላልቅ የእህል ጎታዎች ጀርባ ገባ። በማግሥቱ ሰው ሁሉ እናቴን «አይዞሽ፣ በሰላም ይመልሰው» ይላት ነበር፤ እሷም «አሜን» ትል ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ «አባዬ» የሚባል ቃል ቀረ። እኔ ነገሩ ተነግሮኝ፣ አፌን እንድዘጋ በማርያም ተለምኜ ነበር። በላይ ግን ሁለት ዓመቱ ነበርና የሰማውን ሁሉ ለመንገደኛ የሚደግም ልጅ ስለሆነ፣ አባቴ ልጁን የሚያየው ሲተኛ ብቻ ነበር። እንቅልፍ ሲወስደው እናቴ አቅፋ ጓዳ ታስገባለታለች፣ አባቴም እግሩን እየዳበሰ ያየውና ልጁ ፊቱን ባጨማደደ ቁጥር ደንግጦ ይመልስላት ነበር። ጎታው ጀርባ ንፋስ የለ፣ ብርሃን የለ፣ የእህሉ ብናኝ ደረቱ ውስጥ ገብቶ ሳል ጀመረው። አባቴ ውስጥ ሆኖ በሳለ ቁጥር እናቴ ውጭ ሆና ትስል ነበር፤ እሷ ከሌለች እኔ እስል ነበር። ሰፈርተኛው እናቴን ሳንባዋን ያመማት መስሎት ጤና አዳም ያመጣላት ጀመር። እሷም ሳታመው የምታመሰግን፣ ቀን ስትስል ውላ ማታ ድምፅዋ የሚዘጋ ሰው ሆነች። ያኔ የእናቴ ድካም ይገባኝ አልነበረም፤ ዛሬ ሥራ ውዬ ስገባ እሱ ነው ትዝ የሚለኝ።

እንቁጣጣሽ ሲመጣ ሌላው ችግር ታየ። በእኛ ዘንድ ሴት ዶሮ አትባርክም፤ በስመ አብ ብሎ የሚያርደው ወንድ ነው። ወንድ የሌለባት ሴት በበዓል ዋዜማ ዶሮዋን ታቅፋ በሯ ላይ ትቆምና የሚያልፈውን ክርስቲያን ወንድ፣ አወቀችውም አላወቀችውም፣ «ወንድሜ፣ እባክህ ባርክልኝ» ትለዋለች፤ እሱም የቱንም ያህል ቢቸኩል በስመ አብ ብሎ ባርኮላት፣ አስታጥባው፣ መርቃው ይሄዳል። በዚያ ዓመት ግን በመንገዱ የሚያልፍ ወንድ አልነበረም። ጎረምሶቹ ታፍሰዋል፣ ያልታፈሱት ወደ ዘመድ ተበትነዋል፣ ቁመቱ ረዘም ያለ ልጅ ሁሉ ደጋ ወጥቷል። ቄሱ ቀዳሽ ነኝ ብለው ቢላ አይነኩም። ከመንገዱ ማዶ ያሉት ሼህ እንድሪስ ጠንካራ ሽማግሌ ነበሩ፤ ግን እስላም የባረከውን እኛ፣ ክርስቲያን የባረከውን እነሱ አንበላምና «እጀስ ነበረ፣ እናንተ አትበሉልኝም እንጅ» ብለው ቀልደው ገቡ። በመጨረሻ እርጅና የተጫናቸው አያ ገብሬ በምርኩዝ እየተደገፉ፣ ከቤት ቤት ዞረው የሰፈሩን ዶሮ ሁሉ ባረኩ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ስለነበር አንዳንዱ ዶሮ ተነሥቶ ሲሮጥ እኛ ልጆች እየሳቅን እናሳድድ ነበር።

ጥቅምትና ኅዳር መርሳ የማሽላ አጨዳ ነው፤ በዚያ ዓመት ያጨዱት ሴቶች ናቸው። ከጎረቤቶቻችን መካከል እናቴ ለጦር ሰው ከሚለቅመው ከቀበሌው ጥበቃ አብልጣ የምትፈራት አንዲት ሴት ነበረች፤ እትየ ሙሉ። ጓሯችን ከጓሯቸው ጋር ይዋሰናል፣ የጓዳችንም ግድግዳ በእሳቸው በኩል ነው። እትየ ሙሉ ባላቸው ሞቶ ሁለት ወንዶች ልጆች ያሳደጉ ሴት ነበሩ። በዚያ ክረምት ሁለቱም ልጆች ከወፍጮ ቤት ዱቄት ተሸክመው ሲመለሱ መንገድ ላይ ታፍሰው፣ ዱቄቱ ብቻ በሰው እጅ ቤት ደረሰ። የለቀማቸው ያው የቀበሌው ጥበቃ ነበር። ከዚያ ወዲህ እትየ ሙሉ ፈገግ ሲሉ ያየ የለም። አንድ ቀን ወንዝ ወርደን ውሃ ስንቀዳ በሴቶቹ ሁሉ ፊት እንስራቸውን አስቀምጠው፣ «የኔ ልጆች በረሃ ለበረሃ ሲንከራተቱ ባሏን ደብቃ የምታሞቅ ሴት ካለች፣ በማርያም እምላለሁ፣ አጋልጣታለሁ» አሉ። እናቴ ከጎናቸው ነበረች። እንስራዋን ሳትሞላ አዝላ ተመለሰች፤ እኔ ከኋላዋ ስሄድ ውሃው ጀርባዋ ላይ ሲናወጥ ይሰማኝ ነበር።

አያ ገብሬ ኅዳር ውስጥ ሞቱ። መቃብራቸውን የቆፈሩት ሼህ እንድሪስና ከእስላሙ መንደር የመጡ ሽማግሌዎች ናቸው፣ ከክርስቲያኑ አካፋ የሚያነሣ ጉልበት ያለው ሰው ስላልነበረ። ሴቶቹ ከቀብር ሲመለሱ ስለ ሟቹ አልቅሰው ሲያበቁ አንዷ ቀስ ብላ «እንግዲህ ለገና ማን ይባርክልናል?» አለች። አንዲት ሌላ፣ ጥበቃው አለ አይደል፣ እሱን እንለምነው አለቻት። ይህን ጊዜ እትየ ሙሉ ዘወር ብለው «ልጆቼን በለቀመ እጁ ዶሮየን አይነካም» አሉ። ነገሩ በዚሁ ተቆረጠ። ዶሮ ሳይባረክ ገና ይዋላል እንጂ ጥበቃው አይጠራም ተባለ።

ታኅሣሥ ገብቶ ጾሙ ሲጋመስ እናቴ ገበያ ወጥታ ቀይ አውራ ዶሮ ገዛች። መግዛት አልፈለገችም ነበር፤ ባሏ አሰብ ሄዶ ይሠራል የተባለች ሴት በገና ባዶ እጇን ከዋለች ግን ሰው ምን ይላል? ዶሮውን ጓዳ ውስጥ ከጎታው እግር ሥር አሰረችው። አባቴ ወሬ ከሚያወራው ሰው ካጣ ወራት ሆኖት ነበርና ከዶሮው ጋር ወዳጅነት ፈጠረ። ከጎታው ሥር እህል እየቆነጠረ ያጎርሰዋል፣ ስለ ደጋው ገብስ ይነግረዋል፣ ሲጮህበት «ዝም በል፣ ታስይዘኛለህ» ይለዋል። እናቴ እህሌን ጨረሳችሁት ብላ ትቆጣቸው ነበር። በሩ ላይ ቆሜ የአባቴን ሹክሹክታ ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር፤ በቤታችን ውስጥ በዚያን ጊዜ የሚስቅ ድምፅ የነበረው እሱ ብቻ ነው።

በዋዜማው ጠዋት እናቴ፣ ወንድ አልተገኘም ብላ ዶሮውን ሳታስነካ ልትውል ቆርጣ ነበር። አባቴ ከጎታው ጀርባ ወጥቶ ቢላውን አምጪ አላት። ሆነ፣ አልሆነም፣ ቆመው ተሟገቱ። እሷ፣ ነገ ሰው ሁሉ ማን ባረከላችሁ ብሎ ሲጠይቅ ምን እመልሳለሁ አለችው። እውነቷን ነበር፤ በበዓል ቀን ያለ ወንድ በሚኖሩ ቤቶች ከእንኳን አደረሳችሁ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ እሱ ነው። አባቴ እጁን አየ። የግንበኛ እጁ ኖራ እንደተቀባ ነጥቶ፣ ጣቶቹ ሳስተው ነበር። «የሺ» አላት፣ «አልሠራሁ፣ አላበላሁ፣ ልጄን እንኳ በቁሙ አላየሁ። ይችን አንዲት ነገር ልሥራ።» እናቴ ቢላውን ሰጠችው። ዶሮውን አቅፎ ወደ ምሥራቅ ዞረ፣ አንገቱን በጣቱ ዳሰሰው፣ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ ብሎ ባረከው። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ለዶሮ ያለቀሰ ወንድ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ደሙን በአመድ ሸፈንነው፣ ላባውን ልንቀብረው ጉድጓድ ምሰን ነበር፤ ሽታውን ግን አላሰብንም። እናቴ የፈላውን ውሃ ስታፈስበት ያ ሽታ ጓዳውን ሞልቶ፣ በጣሪያው ክፍተት ወጥቶ ወደ ጓሮው ወረደ። በሌላው ጊዜ ቢሆን በዋዜማ ሰፈሩ በሙሉ የሚሸተው ይህንኑ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም ነበር። ያን ዕለት ግን ከሰፈሩ ሁሉ የሚሸተው የእኛ ቤት ብቻ ነበር። እናቴ ይህ የገባት ላባውን እየነጨች ሳለች ነው፤ እጇ በዶሮው ላይ እንዳለ ቀና ብላ አየችኝ። ወዲያው በሩ ተንኳኳ።

እትየ ሙሉ ነበሩ። ነጠላቸው ከብብታቸው በታች አብጦ ነበር። እናቴ በሩን በሰውነቷ ዘግታ ቆመች፣ እጇ ላይ ላባ ተለጥፏል፣ ቤት ለእንቦሳ ቢሏትም እንቦሳ እሰሩ ማለቱ ጠፋት። እኔ ከኋላዋ ቀሚሷን ይዤ አባቴ አለቀለት ብዬ ነበር። እትየ ሙሉ የእናቴን እጅ አዩ፣ ወደ ጓዳው በር አዩ፣ ከዚያ ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው እግሩ የታሰረ ነጭ አውራ ዶሮ አወጡና በእናቴ ክንድ ላይ አስቀመጡት።

«መንገደኛ አግኝታችኋል መሰለኝ» አሉ። «ሳይሄድ የኔንም ይባርክልኝ።»

እትየ ሙሉ ለመሄድ ዘወር ካሉ በኋላ ቆም ብለው፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ።

«ለሳሉ ደግሞ ዝንጅብል አፍልተሽ ስጪው። ያንች ሳል ከሱ ሳል ተለይቶ ከታወቀ እኮ ቆየ።»

እናቴ ዶሮውን እንደታቀፈች ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ነጩ ዶሮ ተባርኮ ለባለቤቱ ሲመለስ ሌላዋ ጎረቤት መጣች፣ ከእሷ ቀጥሎ ሌላዋ፤ ሁሉም ዶሯቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ ሁሉም «መንገደኛ አግኝታችኋል አሉ» እያሉ። አንዲቷም አንገቷን አስግጋ ወደ ውስጥ አላየችም። እኔ በርና ጓዳ እየተመላለስኩ ዶሮ ሳስገባና ሳስወጣ ዋልኩ፤ አባቴ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሥራ ሰው ተጠመደ። ከቀትር በኋላ ሰፈሩ በሙሉ የተነከረ ላባ ይሸት ጀመር፤ የእኛ ሽታ በሌላው ሽታ ውስጥ ጠፋ።

በገና ዕለት እትየ ሙሉ እናቴን፣ እኔንና በላይን ጠሩን። ሼህ እንድሪስም ለበዓሉ እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ መጥተው፣ ዳቦና የማያሰክር ቀሪቦ ቀርቦላቸው ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጾሙን እየፈታን ሳለ ጥበቃው ጠመንጃውን እንዳነገተ ገባ። ቤቱ የቀዘቀዘው እንደ ደጋ ገና ነበር። በዓል ነውና እትየ ሙሉ ተነሥተው አስታጠቡት፣ ወጥ አወጡለት። አንድ ጊዜ ጎርሶ፣ ቀና ብሎ የሚጠበቀውን ጥያቄ ጠየቀ።

«እትየ ሙሉ፣ ማን ባረከለዎ?»

«መንገደኛ» አሉት። «ወደ ግራና ከተማ አለፈ።»

ሼህ እንድሪስ ዳቧቸውን እየቆረሱ «እውነቷን ነው፣ ከኔ ደጅ ውሃ ጠጥቶ አይደል ያለፈ» አሉና ወዲያው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አስተግፊሩላህ ብለው ምሕረት ሲለምኑ ሰማሁ። ይህን ጊዜ ነው ከግድግዳው ማዶ፣ ሰው የለበትም ከተባለው ቤታችን፣ ሳል የተሰማው። አባቴ ከስንት ወር በኋላ በርበሬ የገባበት ወጥ ቀምሶ ትን ብሎት ነበር። የጥበቃው እጅ አየር ላይ ቆመ። እትየ ሙሉ ግን ጉሮሯቸውን ይዘው በርበሬው ገባኝ እያሉ መሳል ጀመሩ፣ እኔም እንደ ልማዴ ሳልኩ፣ እናቴ ተከተለች፣ በላይም ጨዋታ መስሎት እየሳቀ ይስል ጀመር፤ ጥግ ላይ ወጡን ያልነኩት ሼህ እንድሪስ ሳይቀሩ ጢማቸውን ይዘው ይስሉ ገቡ። ጥበቃው ሼሁን ትኩር ብሎ አያቸውና «እርስዎም በርበሬ በሉ?» አላቸው። «ተጋብቶብኝ ነው» አሉት። እሱም ሳህኑን ጨርሶ፣ እጁን ታጥቦ፣ በሩ ላይ ሲደርስ «ይህን ሳል ታከሙት» ብሎ ወጣ። አውቆ ይሁን ሳያውቅ ዛሬም ድረስ አልገባኝም። ተመልሶ ግን አልመጣም።

ከዚያ በኋላ በጋው በዝንጅብል አለፈ። በዓመቱ ግንባሩ ከተማችንን አልፎ ወደ ደቡብ ወርዶ፣ አንዱ ጦር ወጥቶ ሌላው ገብቶ፣ መልማዩም ጥበቃውም ሲበተን አባቴ ከጎታው ጀርባ ወጣ። ፀሐይ ዓይኑን ስለወጋው እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ደጃፍ ላይ ሲቆም፣ በላይ ፈርቶት የእናቴ ቀሚስ ውስጥ ተደበቀ። ከእትየ ሙሉ ልጆች ታናሹ እያነከሰ ተመለሰ፤ ታላቁ አልተመለሰም። አባቴ ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ በየበዓሉ ዋዜማ ቢላውን ይዞ መጀመሪያ የሚሄደው እትየ ሙሉ ቤት ነበር፤ ልጃቸው ቤት እያለ እንኳ «መንገደኛው መጥቷል» ብሎ ሳይባርክላቸው የቤቱን ዶሮ አይነካም። አድጌ ለዕረፍት ስመለስ፣ እንደማሉት ለምን እንዳላጋለጡን እትየ ሙሉን ጠየቅኋቸው። «ልናገር ተነሥቼ ነበር» አሉኝ። «ግን ሲስል ስሰማው፣ የኔዎቹም ከሰው ጓሮ ተኝተው የሚስሉ ይመስለኝ ነበር። የሚስል ሰው እኮ አለ ማለት ነው ልጄ።»

ይህን ሁሉ እያሰብኩ ሳለሁ ነው ስልኩ የገባው። ሲጠራ አላመንኩም፤ ተነሣ። «አለሁ» አለች እናቴ፣ ማን ነሽ እንኳ ሳትለኝ። ደህና ነች፣ ቤቱ አለ፣ በሩ ተሰብሯል፣ ከጎታዎቹ አንዱ ተዘርፏል። ድምፅዋ ሰልሏል፤ ለቅሶም ደስታም አልነበረበትም፣ ውሃ ተሸክሞ ዳገት የጨረሰ ሰው ድምፅ ነው። የምለው ስለቸገረኝ እንደ ማንኛውም የገና ቀን፣ ጾሙን በምን እንደፈታች ጠየቅኋት። በዶሮ አለችኝ። አባቴ ሞቷል፣ በላይ አዲስ አበባ ነው፣ በዚያ ቤት ወንድ የለም።

«ማን ባረከልሽ እማዬ?»

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«መንገደኛ ነው» አለችኝ።

ከኋላዋ፣ ከጓዳው በኩል፣ የሰው ሳል ተሰማ። የወጣት ወንድ ሳል ነው። እኔም ሳላስበው፣ ያ ሁሉ ዓመት አልፎ፣ ፐርዝ ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳልኩለት። ባሌ ባንኖ ቀና አለና መልሶ ተኛ። ማን እንደሆነ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከወጣው ጦር ይሁን ከገባው እንደተደበቀ አልጠየቅኋትም፤ በስልክ የሚጠየቅ አይደለም፣ ደግሞም ጦር ሲገባም ሲወጣም የሚደበቅ ሰው አይጠፋም። «ዝንጅብል አፍልተሽ ስጪው» አልኳት። «አፍልቻለሁ» አለችኝ፤ መስመሩም ተቋረጠ።

የእኛ ገና እንደዚህ ነው የዋለው። እናቴ በላብ የሚከበር ገና ብላ የምታማርረውን ያንን ሙቀት እኔ ባሕር ተሻግሬ አገኘሁት። ያኔ ባል ጓዳ ተደብቆ ሚስት በደጅ ስትስል ትውል ነበር፤ ዛሬ ባሌ መስኮቱን ከፍቶ ሳሎን መሐል ያንኮራፋል፣ ልጆቼም ውጭ «አባዬ» እያሉ ይጮኻሉ፣ ዝም በሉ የሚላቸው የለም። ይህን ሳየው ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደስም ይለኛል። ሆኖም በሱፐርማርኬቱ ዶሮ የተሠራውን ወጥ ለራት ሳሞቅ፣ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ማን ባረከላችሁ ብሎ የጠየቀን ሰው አልነበረም። አጥሩን ተሻግሬ ለጣሊያናዊው ሽማግሌ አንድ ሳህን ወሰድኩላቸው። ቀምሰው ተቃጠሉና እንባቸው እስኪወርድ ሳሉ፤ እኔም አጠገባቸው ቆሜ ሳላቸውን እስኪጨርሱ ጠበቅኋቸው።